በሳቅ ለሞተ ሰው «ነፍስ ይማር» አይባልም

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክበባት የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

 

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ የምሠራው ደግሞ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ነው። በሥራዬ ከወጣቶችም ከወላጆችም ጋር እቀመጣለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለእናንተ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ለእናቴና ለጓደኞቿ ግን ገና ልጅ ነኝ። እንዲህ መሀል ላይ መቆም አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ለዛሬው ርእሳችን ግን ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ የምናወራው በስልካችን ስለምንላላካቸው ትንንሽ ሥዕሎች፣ ማለትም ስለ ኢሞጂ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ስብሰባ የተጠራበት?» የምትሉ አትጠፉም። ሥዕሉ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ዘንድ ከሚመጡት የወላጅና የልጅ ጭቅጭቆች ብዙዎቹ የሚነሱት ከስልክ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ አንድ ቃል ሳይጻፍ፣ በአንድ ልብ ወይም በአንድ አውራ ጣት ብቻ የተነሱ አሉ። ቤት ውስጥ መነጋገር ሲቆም ደግሞ ወጣቱ ሲቸግረው የሚያማክረው ሰው ያጣል። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም።

ሥዕሉ ከየት መጣ?

ኢሞጂ የጃፓንኛ ቃል ነው። «ኢ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ደግሞ ፊደል ማለት ሲሆን ባንድ ላይ «የሥዕል ፊደል» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው «ኢሞሽን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ይመስለዋል፤ መመሳሰሉ ግን የአጋጣሚ ነው።

ከሥዕሉ በፊት ነጥብና ቅንፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር የሆነው ስኮት ፋልማን፣ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ቀልድና ቁም ነገር እየተምታታ ሰው ሲጣላ አይቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቀልድ የጻፈ ሰው ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ያስከትል አለ። አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ ካያችሁት የሚስቅ ፊት ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምልክቱ የተፈጠረው ሰው እንዳይጣላ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በጃፓን ኤን ቲ ቲ ዶኮሞ በተባለ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሺጌታካ ኩሪታ 176 ትንንሽ ሥዕሎችን አዘጋጀ። እያንዳንዱ ሥዕል ወደ ጎን 12፣ ወደ ላይ 12 ነጥብ ብቻ ነበር። እነዚያ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢሞጂ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ በብዛት ሲገባ፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው መተላለፍ ቻለ። የእኛ የግእዝ ፊደል እዚያው መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማለትም «ሀ ሁ» ከአብዛኞቹ ኢሞጂዎች አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ተመዝግቧል። በላቲን ፊደል አማርኛ የምትጽፉ ወዳጆቼ ይህን አስታውሱልኝ!

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ዩኒኮድ ለምልክቱ የሚሰጠው ቁጥርና ስም ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው እያንዳንዱ ኩባንያ ነው። ለምሳሌ የሽጉጡን ምልክት አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ውኃ መርጫ መጫወቻ ቀየረው። ሌሎቹ ኩባንያዎች እስኪከተሉት ድረስ አንዱ «ውኃ ልርጭህ» ብሎ የላከው በሌላው ስልክ ላይ እውነተኛ መሣሪያ ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ኢሞጂን እንዴት እንደሚረዱት አጥንተው ነበር። ሰዎቹ አንድ ዓይነት ሥዕል እያዩ እንኳ፣ ከአራት ጊዜ አንዱን ያህል ስሜቱ ደግ ነው፣ ክፉ ነው ወይስ መሀል ላይ ነው በሚለው አልተስማሙም። ይህ ዕድሜ ሳይጨመርበት ነው። ዕድሜ ሲጨመርበትማ!

ትልልቆቹም የራሳቸው ምልክት ነበራቸው

በሶሲዮሎጂ ትምህርት ውስጥ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ እና ኸርበርት ብሉመር የተባሉ ምሁራን ስም በተደጋጋሚ ይነሳል። ከእነሱ የምናገኘው ቁም ነገር በቀላል አማርኛ ይህ ነው፦ የምልክት ትርጉም ያለው በምልክቱ ውስጥ ሳይሆን በሚጠቀሙበት ሰዎች ስምምነት ውስጥ ነው። ክሊፎርድ ጊርዝ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ደግሞ የዓይን ጥቅሻን ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል። ትንኝ ገብቶበት ዓይኑን የጨፈነና ጓደኛውን የጠቀሰ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ የሰፈሩ ልማድ የገባው ሰው ነው።

ጥቅሻን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አይደል? አያቶቻችን ያለ ቃል በመነጋገር ከእኛ ያንሱ ነበር ብላችሁ አታስቡ። በጥምቀት ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር ነበር። ሎሚው «ጭማቂ ጠጪበት» ማለት አልነበረም! በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባና መልአክ ሥለው ጎረቤት ለጎረቤት ያድሉ ነበር፤ ዛሬም የሚያድሉ አሉ። «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው ደግሞ በየቤታችን አለ፤ የውጭ አገር እንግዳ ይህን ሲሰማ የደነገጠ ይመስለዋል። ስለዚህ እናንተ የሥዕል ቋንቋ ጀማሪዎች አይደላችሁም፤ ወላጆቻችሁም መሃይማን አይደሉም። የተለያየው መዝገበ ቃላቱ ነው።

አሁን ያለው ልዩነት

እስቲ አንዳንዶቹን በየተራ እንያቸው።

አውራ ጣት። ለአባታችሁ «ደረሰኝ፣ እሺ፣ ጎበዝ» ማለት ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ግን «በቃ፣ ወሬው አልቋል» የሚል ቅዝቃዜ ያዩበታል። አንዲት ተማሪ «ረጅም መልእክት ጽፌለት አባዬ ጣት ብቻ መለሰልኝ፤ ተቆጥቷል ማለት ነው» ብላ ሁለት ቀን ስትጨነቅ ሰንብታለች። አባትየው ግን መልእክቱ ደስ ብሎት ለሥራ ባልደረቦቹ እያሳየ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ትልቅ ሰው «እንደምን ዋልክ ልጄ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጣት ብቻ መመለስ ለእሱ ሰላምታን መንፈግ ነው።

እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ፊት። ይህን እ.ኤ.አ. በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የዓመቱ ቃል ብለው መርጠውት ነበር። ዛሬ ከእናንተ ብዙዎቹ «የትልልቅ ሰዎች ሳቅ» ትሉታላችሁ፤ በምትኩ ጮኾ የሚያለቅሰውን ፊት ወይም የራስ ቅሉን ትልካላችሁ። ማለትም የሚስቀውን ትታችሁ በሚያለቅሰውና በሞተው ትስቃላችሁ!

ፈገግ ያለው ፊት። ለእናታችሁ ደግነት ነው። ለእናንተ ግን «አውቄብሃለሁ» የሚል ምፀት ሊሆን ይችላል።

የተጋጠሙ ሁለት እጆች። በጃፓን ለምስጋናና ለልመና የሚሆን ምልክት ነው። በእኛ ቤት ለእናት «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ለእናንተ «በናትሽ የቤት ሥራውን ላኪልኝ» ነው። ወደ ላይ የተዘረጉ መዳፎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጨመሩ ደግሞ ዱዓ ለሚያደርጉ ቤተሰቦች የሚቀርባቸው ምልክት ተገኘላቸው።

ጽጌረዳና ሻማ። በየማለዳው በቤተሰብ ግሩፕ «መልካም ቀን» ከሚል ጽሑፍ ጋር የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ሳትከፍቱት የምታልፉት ብዙ ናችሁ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ይህ በድሮ ጊዜ በማለዳ በር አንኳኩቶ «እንዴት አደራችሁ» ማለት ነው። መልስ ያጣ ሰው በሩ እንዳልተከፈተለት ይሰማዋል።

ሁለት ቤተሰብ፣ ሁለት ሌሊት

የሰዎቹን ስምና ሰፈር ሳልጠቅስ፣ በፈቃዳቸው ሁለት ነገር ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያዋ እናት በዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸው እዚህ ከአያቱ ጋር ይኖራል። አንድ ማታ አስቂኝ ቪዲዮ ላኩለት። ልጁ በጣም ስለሳቀ ሦስት የራስ ቅል ደርድሮ መለሰ፤ ወዲያውም ዳታው አለቀና ተኛ። እናትየው የራስ ቅል የሚያውቁት በመብራት ምሰሶ ላይ «አደገኛ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ነው። ሦስት የራስ ቅል፤ ከዚያ ዝምታ። ቢደውሉ ስልክ አይነሳም። አሠሪዎቻቸው እስኪተኙ ጠብቀው ለጎረቤት ደወሉ፤ ጎረቤት በእኩለ ሌሊት በር ደበደበ፤ አያት «ልጄ እዚያ አገር ሞተችብኝ» ብለው ጮኹ። አንድ ቤተሰብ በሁለት አገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ የሞተው ግን በሳቅ ነው።

በኋላ ስንነጋገር ልጁ «ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነው» አለ። አያትየው ግን ነገሩ ሲገባቸው ምን አሉ መሰላችሁ? «ታዲያ እኛስ በሳቅ ገደልከኝ እንል የለ!» አያችሁ? አማርኛው ድሮም ነበረው። በሳቅ መሞት፣ በሳቅ መፈንዳት፣ በሳቅ መፍረስ የእነሱም አነጋገር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ታሪክ ነው። የክፍሏ ልጆች በቴሌግራም የጥናት ግሩፕ አላቸው። ኖት ለላከ፣ ጥያቄ ለመለሰ ሁሉ ቀይ ልብ ታስቀምጣለች። አባቷ ስልኳን ሲያዩ ለአንድ ወንድ ልጅ መልእክት የተሰጠውን ልብ አገኙ። ያን ሌሊት ስልኩ ተቀማ፤ የቅዳሜ የጋራ ጥናትም ቀረ። እሷም «አባቴ አያምነኝም» ብላ ከእሳቸው ጋር መነጋገር አቆመች። የፊዚክስ ውጤቷ ሲወርድ መምህሯ ናቸው ወደ እኔ የላኳት።

ሦስታችንም ተቀመጥን። ልጅቷን «ስልኩን ለአባትሽ አሳዪና አንድ በአንድ አስረጂያቸው» አልኳት። ልብ ለአክስቷ፣ ልብ ለኬሚስትሪ ኖት፣ ልብ ለታናሽ ወንድሟ የልደት ፎቶ፣ ልብ ጥርሷን ለታመመች ጓደኛዋ። አባትየው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «በእኛ ጊዜ ልብ በፍላጻ ወግተን በደብዳቤ ግርጌ የምንሥለው ለአንድ ሰው ነበር። ደብዳቤው እስኪደርስ እንቅልፍ የለም። አንቺ በአንድ ቀን ሠላሳ ልብ ትሰጫለሽ?» ልጅቷ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተፈታ ብዬ አልዋሻችሁም። ስልኩ ተመለሰ፤ ጥናቱም ቀጠለ፤ ነገር ግን አባትየው አሁንም ይሰጋሉ፤ እሷም ስልኳን ሲያነሱ ትደነግጣለች። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ጥርጣሬ ሲመጣ አሁን መጀመሪያ ይጠይቋታል። እሷም ትመልሳለች። እኔ ይህን ትንሽ ነገር አልለውም፤ ምክንያቱም ስለ ልብ ምልክት መነጋገር የቻሉ አባትና ልጅ፣ ነገ ስለ እውነተኛ ፍቅር፣ ስለ ፈተናውና ስለ ጥንቃቄው ለመነጋገር በሩን ከፍተዋል።

«ሥዕል ነው እኮ» ስንል

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ምልክት አንድ ጠባይ አለው፤ መካድ ያስችላል። በቃል የተሳደበ ሰው «ተሳድቤያለሁ» ይባላል፤ በሥዕል የተሳደበ ግን «እኔ ምን አልኩ? ሥዕል ነው እኮ» ይላል።

አንድ ተማሪ በእረፍት ሰዓት መድኃኒት ሲውጥ ታየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ግሩፕ ላይ አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ሥሩ የክኒን ሥዕል ይቀመጣል። ስም የጠራ የለም፤ ቃል የተናገረ የለም። ልጁ መጀመሪያ ከግሩፑ ወጣ፤ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ቀረ። የልጁ ሕመም ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ክኒኑን ይለጥፉ የነበሩትም አያውቁትም ነበር። ማወቅም አያስፈልግም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ራሱን የሚጠብቅ ጎበዝ ሰው ነው። መገለል ማለት ይኸው ነው፤ በቃል ቢሆን በሥዕል ያው ነው።

ሌላም አለ። በተለይ ሴት ተማሪዎች ከማታውቁት ወይም በዕድሜ ከሚበልጣችሁ ሰው ሌላ ትርጉም የተሰጣቸው የፍራፍሬና የአትክልት ሥዕሎች ይመጡላችኋል። የትኞቹ እንደሆኑ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ታውቋቸዋላችሁ። ብዙ ልጆች ሲያፍሩ የሚመልሱት የሚስቅ ፊት ነው። ላኪው ደግሞ ይህን «ተስማማች» ብሎ ይተረጉመዋል። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፦ የሀፍረት ሳቅ ፈቃድ አይደለም። ዝምታም ፈቃድ አይደለም። ወንዶች፣ ይህን እናንተም ያዙልኝ። ሴቶች፣ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ሳቅ የመላክ ግዴታ የለባችሁም፤ «አልፈልግም» ብላችሁ በፊደል ጻፉ፤ ሰውየውን ዝጉት፤ መልእክቱን ግን ሳታጠፉ ለምታምኑት ትልቅ ሰው አሳዩ።

«ሥዕል ነው» ማለት ሁልጊዜ እንደማያስጥል ደግሞ ከካናዳ የመጣ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳስካችዋን ግዛት አንድ እህል ገዢ ኩባንያ ለአንድ ገበሬ የተልባ ሽያጭ ውል ፎቶ አንስቶ በስልክ ላከና «አረጋግጥልኝ» አለው። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። ተልባው ግን አልመጣም። ገበሬው «ደረሰኝ ማለቴ ነው እንጂ ተስማማሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱ ከዚህ በፊት በአጫጭር የስልክ መልስ ውል ይዋዋሉ እንደነበር አይተው፣ አውራ ጣቱን እንደ ፊርማ ቆጠሩት፤ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍልም ፈረዱ። በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸና። ትምህርቱ ምንድን ነው? ትርጉሙን የሚወስነው ላኪው በኋላ የሚሰጠው ሰበብ ብቻ አይደለም፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ከምን በኋላ እንደላከው ይታያል። ለተልባ እንኳ ይህን ያህል የሚመረመር ከሆነ፣ ለሰው ክብርና ለሰው አካል ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ለትልቅ ሰው ስትጽፉ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ሥዕል። «እንደምን ዋሉ እማማ፣ ደርሼያለሁ» ካላችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ፊት ጨምሩ።

ሁለተኛ፤ ለቅሶ፣ ሕመምና ጠብ በሥዕል ብቻ አይመለስም። «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ»፣ «አፉ በለኝ» የሚሉት ቃላት በፊደል ይጻፋሉ፤ ከተቻለም ይደወላል።

ሦስተኛ፤ ትልቅ ሰው ምልክት ሲሳሳት በግሩፕ ላይ አትሳቁበት። በለቅሶ ዜና ሥር እንባውን ብቻ አይተው የሚስቀውን ፊት የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ። ልባቸው አልቅሷል፤ የተሳሳተው ጣታቸው ነው። በውስጥ መስመር በአክብሮት ንገሯቸው።

አራተኛ፤ ያልገባችሁን ምልክት ጠይቁ። ቅዝቃዜ የመሰላችሁ አውራ ጣት የአባት ኩራት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፤ በሳቅ ከሚሞተው ጓደኛችሁ መካከል በእውነት የደከመው ሊኖር ይችላል። ሁልጊዜ የሚቀልድ ልጅ ቀልዱ ሲለወጥ፣ «ሞትኩ» የሚለው ቃሉ ሳቅ ሲያጣ፣ ምልክት አትላኩለት፤ አጠገቡ ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ለምታምኑት መምህር ወይም ለአማካሪ ንገሩ።

በመጨረሻም አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ብዙ ጊዜ ከምትልኳቸው ምልክቶች አምስቱን ምረጡ። ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ አሳዩና «ይህ ምን ማለት ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰጧችሁን መልስ ሳትስቁ ጻፉ፤ ከዚያ የእናንተን ትርጉም ንገሯቸው። እነሱንም «በእርስዎ ጊዜ ሳይናገሩ የሚነጋገሩት በምን ነበር?» በሏቸው። ስለ ሎሚው፣ ስለ ጥቅሻው፣ ፍላጻ ስለተወጋው ልብ ያልሰማችሁትን ትሰማላችሁ። የሰበሰባችሁትን በሚቀጥለው ሳምንት ለክበባችሁ አቅርቡት፤ ሚኒ ሚዲያውም ያንብበው።

 አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ፤ እውነተኛውን እጅ ነው ታዲያ!